በእናቴ ላይ የሳቅኩ ዕለት

እናቴን ያዋረድኳት በምወደው ልጅ ፊት ነው። ማንም አልገፋፋኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። ይህን ስናገር ዛሬም ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። አባቴ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው። እናቴ የሌላ አገር ሰው ናት፤ አባቴ አግብቶ እስኪያመጣት ድረስ ከእኛ ቋንቋ የምታውቀው በጣት የሚቆጠር ቃል ነበር። ከፎቶ ኮፒ ቤቱና ከመድኃኒት ቤቱ መሃል ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ ታስተካክላለች፤ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ ለወፈሩ ሰዎች ቀሚስ ታሰፋለች። እጇን የሚያማ ሰው የለም። የሚሳቀው በአፏ ነበር።

በእሷ ቋንቋ ወንድም ሴትም በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት። «አንተ» እና «አንቺ» ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ የእኛን ቋንቋ ስትለምድ ከሁለቱ አንዱን መረጠች፤ የመረጠችው ደግሞ «አንቺ»ን ነው። አባቴ አንቺ ነው። ያ ጢማሙ የመድኃኒት ቤት ባለቤት አንቺ ነው። «አንቺ፣ ሱሪሽ ደርሷል፤ ነይ ውሰጂ» ስትለው ጎረቤቱ ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች። ምን እንዳሳቃቸው የገባት አይመስለኝም ነበር።

ልጅ ሳለሁ እኔም የማወራት በቋንቋዋ ነበር። አሥር ዓመቴ ላይ ተውኩት። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ስናወራ ከፊታችን የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ዞር ብለው አዩን፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። ሌላ ምንም አላደረጉም። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ በቋንቋዋ ስትጠይቀኝ እኔ በአባቴ ቋንቋ እመልስላታለሁ። መጀመሪያ ተቆጣችኝ፣ ቀጥላ ለመነችኝ፣ በመጨረሻ ደከማትና እሷም ተወችው።

ትምህርት ቤት «ክልሷ» ይሉኛል። «ስድብ እኮ አይደለም» ይላሉ፤ እኔም «አውቃለሁ» እላለሁ።

እሱን ደግሞ «ዝምታ» ይሉታል። የዶክተሩ ልጅ ነው፤ ከእኔ ሁለት ወንበር ወደኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል። ከሰሌዳው ጎን የመስተዋት በር ያለው ቁም ሳጥን አለ፤ በዚያ መስተዋት ውስጥ ፊቱ ይታየኛል። መምህሩን የማይ መስዬ እሱን አያለሁ። አንድ ቀን ቀና ስል እሱም ሰሌዳውን የሚያይ መስሎ እኔን ሲያይ ያዝኩት። አንገቴን ደፋሁ። እንደገና ቀና ስል ዐይኑ እዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ የተዋስኩት ደብተር ውስጥ የታጠፈ ወረቀት፣ የመለስኩት ደብተር ውስጥ ሌላ የታጠፈ ወረቀት መመላለስ ጀመረ። ትልቅ ነገር አልተጻፈባቸውም። «ዛሬ ለምን ከፋሽ?» ይላል አንዱ። «አልከፋኝም» ይላል መልሱ። እኔ ግን ያንን ወረቀት ሳምንት ሙሉ ትራሴ ሥር አቆየዋለሁ።

በዚያ ሰሞን የምክር አገልግሎት መምህርታችን የጥናት ቅጽ አደለችን። ሁለት ቋንቋና ሁለት ባህል ካለበት ቤት የመጡ ልጆች እንዴት እንደሚኖሩ ለማወቅ ነው ተባለ። «ስም አይጻፍበትም፤ እውነቱን ብቻ ጻፉ» አለችን። አንዱ ጥያቄ «ቤታችሁ ውስጥ ስንት ቋንቋ ይነገራል?» ይላል። «አንድ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላው «በሕይወታችሁ ምን ያህል ረክታችኋል? ከዜሮ እስከ አስር» ይላል። «ዘጠኝ» ብዬ ጻፍኩና ቅጹን ገለበጥኩት።

በእኛ ረድፍ ያለውን ወረቀት የሚሰበስበው እሱ ነበር። አጠገቤ ሲደርስ ቅጹን ገልብጦ አየው።

«እውነትሽን ነው?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምኑ?»

«ሁለቱም።»

«አንተስ ስንት ጻፍክ?»

«ስድስት።»

«የዶክተር ልጅ ሆነህ?»

ፈገግ አለ፤ ዐይኑ ግን አልሳቀም። «የዶክተር ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል» ብሎ አለፈ። የሆነ ነገር ተነጥቄ የቀረሁ መሰለኝ።

በሳምንቱ የወላጆች ቀን ሆነ። ለእናቴ አልነገርኳትም ነበር፤ ከደንበኛ ሰምታ መጣች። አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ በበሩ ስትገባ አንገቴን ደብተሬ ላይ ደፋሁ። የክፍል ኃላፊያችን ከረባት የማይለየው፣ ሲራመድ እንኳ የማይጣደፍ ሰው ነው። እናቴ በሁለት እጇ እጁን ጨበጠችና ጮክ ብላ እንዲህ አለችው፦

«አንቺ በጣም ጎበዝ አስተማሪ ነሽ! ልጄ አንቺን ትወድሻለች! አንቺ ባትኖሪ እሷ ሰነፍ!»

ክፍሉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። መጀመሪያ የተሰማው ሳቅ የማን እንደነበር ጠይቁኝ። የእኔ ነበር። ቀድሜ ሳቅኩ፣ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ፣ ጠረጴዛ እየመታሁ ሳቅኩ። እየሳቅኩ ከእነሱ ወገን ከሆንኩ የእሷ ልጅ መሆኔ የሚረሳ መሰለኝ። እናቴ ወደ እኔ ዞር አለች፤ ስስቅ አየችኝና እሷም ሳቀች።

ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። በመስተዋቱ ውስጥ አየሁት። ያየው እናቴን አልነበረም፤ እኔን ነበር። እንዴት ያለ አስተያየት እንደሆነ አልገባኝም፤ ያዘነልኝ መሰለኝ። ከሳቁ ሁሉ ይልቅ ያ አመመኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ጨዋታ ሆነ። «ቀልደኛው» የምንለው ልጅ የእናቴን አነጋገር የሚጽፍበት ደብተር ከፈተ። ሱሪ ለማሳጠር ሱቋ የሚሄዱ ልጆች የሰሙትን ያመጡለታል፤ በእረፍት ሰዓት ያነብላቸዋል። እኔ ስመጣ ደብተሩ ይዘጋል። ስሄድ ሳቁ ይከተለኛል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሱቁ መስተዋት ወደ ውስጥ አየሁ። ዝምታ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ ሰማያዊ ደብተር ዘርግቷል። እናቴ ትናገራለች፤ እሱ ይጽፋል። እሷ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች፤ እሱም ይስቅና መልሶ ይጽፋል።

እንዴት ገብቼ እንደቆምኩ አላስታውስም።

«አንተም?» አልኩት። «ከሁሉም አንተ?»

ደንግጦ ተነሣ። «ቆይ፣ ላስረዳሽ...»

«ምን ታስረዳኛለህ? ለቀልደኛው ነው የምትለቅምለት? የእሱ ደብተር ሞልቶ ነው?»

«የማንን ደብተር ነው የምትይው?»

«አታውቅም? የእናቴ ስህተት የሚጻፍበት ነዋ! በየቀኑ ቆመው የሚስቁበት! ወንዱን ሁሉ አንቺ እያለች የሰው መሳቂያ ማድረጓ አንሶ፣ አንተ ደግሞ ሱቋ ድረስ መጥተህ...»

«ተይ» አለኝ። «እባክሽ፣ እየሰማች ነው።»

«ትስማ! በወላጆች ቀን ሲስቁባት እሷም አብራ ስትስቅ ነበር። እኔም ስቄባታለሁ! ምን ላድርግ ታዲያ? እንዲህ አድርጋ ወልዳኝ!»

ቃሉ ከአፌ ወጥቶ አየር ላይ ቆመ። እናቴ ስፌቷን ማሽኑ ላይ እንደያዘች ነበር። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ዐይኖቿ ብቻ ከእኔ ፊት ወርደው የጣቴን ጫፍ ያዩ ይመስሉ ነበር። እሱ ሰማያዊውን ደብተር ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ለእናቴ ጎንበስ አለ። ከዚያ በእሷ ቋንቋ፣ እየተንተባተበ፣ ሁለት ቃል ተናገረ። «ይቅር ይበሉኝ» ማለት ነው። ለእኔ ምንም ሳይለኝ ወጣ።

ደብተሩን ገለጥኩት። በግራ በኩል የእናቴ ቋንቋ ቃላት በእኛ ፊደል ተጽፈዋል፤ በቀኝ በኩል ትርጉማቸው። «እንደምን ዋሉ።» «አመሰግናለሁ።» «እጅዎ ይባረክ።» ሦስት ገጽ ሙሉ። በመጨረሻው ገጽ፣ ተሰርዞና ተደልዞ ደጋግሞ የተጻፈ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ልጅዎን ከትምህርት ቤት እስከ ቤትዎ ብሸኛት ይፈቅዱልኛል?»

እናቴ ክሩን ከመርፌው አወጣች። ማሽኑን በጨርቅ ሸፈነች። «ዝግ ነው» የሚለውን ሰሌዳ በሩ ላይ ገለበጠች። እኔ ደብተሩን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ የእኛን ቋንቋ መናገር አቆመች።

ተቆጥታ አይደለም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ልብሴን ትተኩሳለች፣ ስወጣ ኮሌታዬን ታስተካክልልኛለች። ቃል ግን ከአፏ አይወጣም። ደንበኛ ሲመጣ በጣቷ ታሳያለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ «ምነው፣ ታመሽ ነው?» ሲላት ጉሮሮዋን ነክታ ፈገግ አለች።  ቤታችን እንደዚያ የራቀኝ ጊዜ የለም።

ሐሙስ ዕለት አባቴ ከመንገድ ገባ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ነገሩ ገባውና ደረጃው ላይ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«እናትሽ ምን ሆናለች?»

ነገርኩት። ሁሉንም፣ ሳቄንም ጨምሬ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ።

«መጀመሪያ ስንተዋወቅ» አለ፣ «ድንበር ከተማ ላይ ነው። አውቶቡሴ ላይ ወጥታ ከመንገደኛ በለቃቀመችው ቃል 'አንቺ ሹፌር፣ አንቺ ቀስ በይ' አለችኝ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ በመስተዋቱ ቀና ብዬ አየኋት፤ ይኸው እስከ ዛሬ እያየኋት ነው።»

«ታዲያ ለምን አላረምካትም አባዬ?»

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «ስትለኝ ደስ ስለሚለኝ ተውኩት። ለእኔ ጨዋታ ነበር። እሷ ግን ያንን አፍ ይዛ ነው ገበያ የምትወጣው፣ ያንን አፍ ይዛ ነው ትምህርት ቤት የመጣችው። ሃያ ዓመት ሙሉ ለኔ ደስታ የሰው መሳቂያ አደረግኳት። አንቺ አንድ ቀን ነው የሳቅሽው።»

አባቴን አፍሮ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ትከሻው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ፤ እሱም ባርኔጣውን ዐይኑ ላይ ጎተተ።

ዓርብ ጠዋት የዴስኬ መሳቢያ ውስጥ ደብዳቤ አገኘሁ። ይህ የታጠፈች ብጣሽ አልነበረም፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው።

«ስለ ደብተሩ አልተቀየምኩሽም» ይላል። «ሳይገባሽ ነው። ስለ ቀልደኛው ደብተር ግን እኔም አላውቅም ነበር፤ ባውቅ ዝም አልልም። የተቀየምኩት በሌላ ነው። በወላጆች ቀን ስትስቂ አየሁሽ። ሳቅሽ ልቅሶ ይመስል ነበር። ማክሰኞ ወደ ሱቁ የሄድኩት የሚያጥር ሱሪ ኖሮኝ አይደለም፤ እናትሽ ብቻዋን የሆነች መስሎኝ ነው።

«ቤታችንን በውጭ ነው የምታውቂው። እኛ ቤት ሁሉም ሰው ቋንቋ አሳምሮ ይችላል፤ የሚያወራ ግን የለም። አባቴ ለእናቴ የሚለው ካለው 'ለእናትህ ንገራት' ይለኛል። እናቴም እንደዚያው። እኔ የሁለት አዋቂ ሰዎች ፖስተኛ ነኝ። እናትሽ ግን በዚያች ጥቂት ቃሏ በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ እንቅልፍ እተኛ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስድስት ብዬ ስጽፍ ከምን አግኝቼ እንደሰጠሁ አላውቅም ነበር። አሁን ብጠየቅ ከምሰጠው ነጥብ ግማሹ ከዚያ ሱቅ ነው የምልሽ።

«እናትሽ ራሷ ካልጠራችኝ አልመጣም። ፊቷን ለማየት አፍራለሁ። አንቺን ግን በመስተዋት ማየቴን መተው አልቻልኩም።»

ጨርሼ ሳነብ ቀና ለማለት አልደፈርኩም። እዚያ መስተዋት ውስጥ ዐይኑ እንዳለ አውቃለሁ፤ ያ አስተያየት የሚገባኝ ግን አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቅ ሄድኩ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጨርቅ ትቆርጣለች። በሩን ዘግቼ በቋንቋዋ ጠራኋት። ሰባት ዓመት ያላወጣሁት ቃል ነው፤ ምላሴ ላይ እንደ ድንጋይ ከበደኝ።

«እማ» አልኩ። «እኔ... መጥፎ። እኔ አንቺን አፍራለሁ... አይደለም፣ እኔ በእኔ አፍራለሁ።» ቃላቱ ይምታቱብኛል፣ ፊትና ኋላው ይጠፋብኛል። የሕፃን አፍ ነበር የቀረልኝ።  ሰው ፊት የሚፈልጉትን ለመናገር ቃል ማጣት ምን እንደሚመስል በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

መቀሷን አስቀመጠችና ዞረች። ከዚያ በራሷ ቋንቋ ተናገረች። ትርጉሙን እንደሚከተለው ነው የማስታውሰው።

«ስህተቴን አላውቅም ብለሽ ነው? ከመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አውቄዋለሁ። ላርመው ስል ይጠፋብኛል፤ ስደነግጥማ ይብስብኛል። ሰዎች ሲስቁ ለምን አብሬ እንደምስቅ ታውቂያለሽ? ካልሳቅኩ በእኔ ላይ ነው የሚስቁት። ከሳቅኩ ከእኔ ጋር ነው። እንዲህ አድርጌ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ቀና ብዬ የሄድኩት። የክፍልሽ ልጆች ቢስቁ ምን አገባኝ? ስትስቂ ሳይሽ ግን ከእኔ ጋር የምትስቂ መስሎኝ ነበር።»

አየኋት። ድምፁ የእናቴ ነው፤ ሴትየዋን ግን አላውቃትም። ቃል የማያጥራት፣ የምትለውን መዝና የምትናገር፣ የተከበረች ሴት ናት። ይህች ሴት ዕድሜ ልኳን እዚህ ነበረች። በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ።

እግሯ ሥር ወደቅኩ። ሳብ አድርጋ አነሣችኝ።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለችኝ። «ግን ገና ያመኛል። እስኪተወኝ ታገሺኝ።» እንባዬን በጠረገችበት እጇ ወደ በሩ ገፋ አደረገችኝ። «ሂጂ፣ ያንን ልጅ ጥሪው። እኔ እፈልገዋለሁ በይው።»

የዶክተሩ ቤት ከፍ ያለ አጥር አለው። ደወል ስጫን እናቱ ራሳቸው ከፈቱልኝ። ከእግር እስከ ራስ አዩኝና «የልብስ ሰፊዋ... ማነሽ? ሱሪ ልታደርሺ ነው?» አሉኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «አዎ» ብዬ እሮጥ ነበር።

«ሱሪ አይደለም እትዬ» አልኩ።  «የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነኝ። የመጣሁት ልጅዎን ይቅርታ ልጠይቅ ነው። በድዬዋለሁ።»

 ከኋላቸው ደረጃው ላይ ዝምታ ቆሞ ሰማኝ። ወርዶ እናቱን በትከሻቸው በኩል አልፎ መጣና አጥሩ ሥር ፊት ለፊቴ ቆመ። በመሃላችን መስተዋት አልነበረም።

«ክፉ ነገር አሰብኩብህ» አልኩት። «ስለ ራሴ የማስበውን ሁሉ በአንተ ላይ ጫንኩት።»

«እናትሽ መናገር አቁማለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ተናግራለች?»

«ተናግራለች። በቋንቋዋ። ትጠራሃለች።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ቀና ብዬ ላይህ አፍራለሁ።»

«ታዲያ ሳታዪኝ አብረሽኝ ሂጂ» አለ። እናቱ በሩ ላይ ቆመው ያዩናል። ጎን ለጎን ሄድን። አልተነካካንም፣ አላወራንም። ልቤ ግን የእርምጃውን ድምፅ አንድ በአንድ ይቆጥር ነበር።

ሱቁ ስንገባ እናቴ ወንበር ሳበችለት። ያን ረጅም ዓረፍተ ነገር ሊላት አስቦ ቃሉ ከመሃል ጠፋበትና ወደ እኔ ዞረ። እኔም ግማሹን ረስቼዋለሁ። እናቴ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ጠበቀችን፤ አልሳቀችም። ተጋግዘን፣ እየወደቅንና እየተነሣን ጨረስነው። «እስከ በሩ ድረስ ብቻ» አለች በቋንቋዋ። ስተረጉምለት ፊቴ ፍም መሰለ፤ እሱ ደግሞ እስከ ጆሮው ቀላ።

በዚያው ሰዓት ከክፍላችን ሦስት ልጆች፣ ቀልደኛውም መሃላቸው፣ የሱቁ መስኮት መስተዋት ላይ ተደግፈው ወደ ውስጥ አዩ።

«መጋረጃውን ልዝጋው?» አለኝ ዝምታ ቀስ ብሎ።

«ተወው» አልኩት። «ይዩን።»

ኀፍረቱ አልለቀቀኝም። አንገቴ ላይ ይግላል፣ እጄን የማስቀምጥበት ይጠፋኛል። ነገር ግን እናቴ ቀጣዩን ቃል ስትናገር ወንበሬን ወደ እሷ አስጠግቼ ጮክ ብዬ ከአፏ ተቀበልኳት።